ከጫማ እስከ ጠመንጃ፦ የ1980ን የእንግሊዝ እግረኛ ወታደር ለኤርሶፍት የማዘጋጀት ዝርዝር መመሪያ

ታሪካዊ የወታደር ልብስ ለብሶ ኤርሶፍት መጫወት ያማረው ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ጠመንጃው ነው። ያለ የሌለ ገንዘቡን አውጥቶ ጠመንጃ ይገዛል። ከዚያ በጂንስ ሱሪና በስኒከር ሜዳ ላይ ይገተራል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ከጫማው ጀምሩ፤ ጠመንጃውን መጨረሻ ላይ ግዙት። ሃምሳ ሜትር ርቆ የቆመ ሰው የጠመንጃችሁን ሞዴል አይለይም። የሚለየው የቆባችሁን ቅርጽ፣ ወገባችሁ ላይ ያለውን ዝናርና የእግራችሁን አጠቃለል ነው። እነዚህ ሦስቱ ከተስተካከሉ የተዋሳችሁት ጠመንጃ እንኳን ያምርባችኋል።

ለማያውቁት፣ ኤርሶፍት 6 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ጥይት በሚተፉ የጠመንጃ አምሳያዎች የሚካሄድ ጨዋታ ነው። የተመታ ሰው "ተመታሁ" ብሎ እጁን አንስቶ ይወጣል። ዳኛ የሚያየው ጥቂቱን ነው፤ የቀረው በተጫዋቹ ሐቀኝነት ይያዛል።

መመሪያው በዋናነት እንግሊዝ አገር ለምትኖሩ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ አንድ ሰው ምረጡ

"የእንግሊዝ ወታደር" ብቻውን ምንም አይነግርም። በ1815 ዋተርሎ ላይ ቀይ ኮት ለብሶ የቆመውም፣ በ1944 ኖርማንዲ የወረደውም፣ በ1982 ከአርጀንቲና ጋር በተደረገው የፎክላንድ ደሴቶች ጦርነት ጭቃ ውስጥ የተኛውም የእንግሊዝ ወታደር ነው። ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ጋ ነው። የአርባዎቹን የብረት ቆብ ከዘጠናዎቹ ጃኬት ጋር ያዳቅላል፤ ውጤቱ የየትኛውም ዘመን ያልሆነ ሰው ይሆናል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ መስመር ጻፉ፦ ማዕረግ፣ ክፍል፣ ቦታ፣ ወቅት። ከዚያ መስመር ጋር የማይሄድ ዕቃ በነጻ ቢሰጣችሁም አትውሰዱ።

የእኔ ምርጫ ይኸውላችሁ፦ ተራ እግረኛ ወታደር፣ ምዕራብ ጀርመን፣ በልግ 1980። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን እንግሊዝ በጀርመን ምድር የራይን ሠራዊት የሚባል ትልቅ ጦር ነበራት። በዚያ ዓመት ክሩሴደር የተባለ ግዙፍ ልምምድ አካሂዳለች። ምርጫው የሞኝ አይደለም። አንደኛ፣ የጀርመን ጫካና የእንግሊዝ ጫካ፣ ጭቃውም ዝናቡም ያው ነው። ሁለተኛ፣ የዚያ ዘመን ዕቃ በብዛት ስለተመረተ ዛሬም በወታደር ሰልባጅ መደብሮችና በኢቤይ ላይ ይገኛል። ሦስተኛ፣ ጥቂት ነገር ብቻ ቀይራችሁ ወደ ፎክላንድ 1982 መሻገር ትችላላችሁ።

አውቃለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ 1941ን ትፈልጋላችሁ። እሱ ዓመት የእኛም ነው። ዊንጌት ከአርበኞች ጋር ጎጃምን ያቋረጠበት፣ ከረን ላይ ከባድ ውጊያ የተካሄደበት፣ ጃንሆይ አዲስ አበባ የተመለሱበት ዓመት ነው። ጉዳዩ ልብ ይነካል። ግን የዚያ ዘመቻ ልብስ ካኪ ሸሚዝና ካኪ ቁምጣ ነው። በኅዳር ብርድ፣ በእንግሊዝ እሾህ መሀል በቁምጣ በደረት መሳብ የሚችል ካለ ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ። በጋ ላይ ሞክሩት።

ሁለተኛ፦ ሕጉን ቀድሞ መጨረስ

አሰልቺ ነው፤ ግን ካልጨረሳችሁት ገንዘባችሁ ይቀልጣል። እንግሊዝ ውስጥ በ2006 በወጣው ሕግ መሠረት እውነተኛ የሚመስል የጠመንጃ አምሳያ ለማንም ዝም ብሎ አይሸጥም። ገዢው ዕድሜው 18 የሞላ መሆን አለበት። በተጨማሪም ሕጉ የሚቀበለው ምክንያት ያስፈልገዋል። ኤርሶፍት ተጫዋችነትና የታሪክ ትዕይንት ከነዚህ ምክንያቶች መካከል ናቸው። ነጋዴዎች በአብዛኛው የሚጠይቁት የዩካራ ቁጥር ነው፤ ዩካራ የእንግሊዝ ኤርሶፍት ነጋዴዎች ማኅበር ሲሆን ቁጥሩ በተጫዋቾች መዝገቡ ላይ መኖራችሁን ያሳያል። እሱን ለማግኘት በአንድ ኢንሹራንስ ባለው ሜዳ ቢያንስ ሦስት ጊዜ መጫወት አለባችሁ፤ ሦስቱም ጨዋታ በ56 ቀን ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ተበታትኖ መሆን አለበት። በአንድ ሳምንት ሦስቴ ሮጦ መጨረስ አይቻልም ማለት ነው።

ይህ ሁለት ወር ለእናንተ ጸጋ ነው። ጠመንጃ ተከራይታችሁ እየተጫወታችሁ ልብሱን ቀስ ብላችሁ ሰብስቡ።

ቁጥር የሌላችሁ ሰዎች መግዛት የምትችሉት በደማቅ ቀለም የተቀባውን ነው። እሱን ገዝቶ ቤት ውስጥ ጥቁር ቀለም መቀባት ግን እውነተኛ የሚመስል አምሳያ እንደ መሥራት ይቆጠራል፤ ያለ በቂ ምክንያት ወንጀል ነው። ኃይሉም ወሰን አለው፦ በተከታታይ መተኮስ የሚችል መሣሪያ ከ1.3 ጁል (የጉልበት መለኪያ ነው) ማለፍ የለበትም፣ ነጠላ ብቻ የሚተኩስ ከ2.5 ጁል። በ0.2 ግራም ጥይት ሲሰላ የመጀመሪያው በሰከንድ 114 ሜትር ገደማ፣ ሁለተኛው 158 ሜትር ገደማ ይመጣል። ሜዳዎች ብዙውን ጊዜ ከዚህም ዝቅ ያለ የራሳቸው ወሰን አላቸው። ጠይቁ።

መንገድ ላይ ደግሞ የጠመንጃ አምሳያ ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መገኘት በራሱ ወንጀል ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ልብሱንም ሜዳ ደርሳችሁ ቀይሩ። ይህን በተለይ ለእኛ ሰው ነው የምለው። ባቡር ላይ ዥንጉርጉር ለብሶ ረጅም ቦርሳ የተሸከመ ጥቁር ወጣት ሲያይ የሚደነግጥ መንገደኛ አይጠፋም። እሱ ስልክ ከደወለ በኋላ "አሻንጉሊት ነው" ብሎ ለማስረዳት ጊዜ ላይኖር ይችላል።

ሌላ አገር ያላችሁ የአገራችሁን አጣሩ። ጀርመን ውስጥ ከ0.5 ጁል በላይ የሆነ መሣሪያ ነጠላ ብቻ የሚተኩስና የኤፍ ምልክት ያለበት መሆን አለበት። አሜሪካ የሚገባ አምሳያ አፈሙዙ ብርቱካናማ ይሆናል። በዓረብ አገራት ያላችሁ ሳታጣሩ እንዳታዙ። ወደ አገር ቤት ስትሄዱም ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱት፤ ቦሌ ላይ ተብራርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ሦስተኛ፦ እግር

የ1980 እግረኛ የሚለብሰው ጥቁር አጭር ከስክስ ነው። ዲኤምኤስ ይሉታል። የላስቲክ ሶሉ ከቆዳው ጋር በቀጥታ ተቀልጦ የተያያዘ ስለሆነ ነው ስሙ። ቁርጭምጭሚትን ብቻ ስለሚሸፍን ከላዩ ፑቲ የሚባል የሱፍ ጨርቅ ይጠቀለልበታል። ጫማው በሰልፍ ሜዳ ላይ ያምራል፤ ውሃ ግን አይችልም። በ1982 ፎክላንድ ላይ ብዙ ወታደር እግሩ በእርጥበት ተጎድቷል። ከዚያ ጦርነት በኋላ ረጅም ከስክስ ለእግረኛው መታደል ጀመረ። ስለዚህ ከ1980 ጋር ረጅም ከስክስ ካደረጋችሁ ዘመኑን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይይዛችኋል።

አሮጌ ዲኤምኤስ ስትገዙ ሶሉን በሁለት እጅ አጥፉት። ስንጥቅ ካሳየ ተዉት። ከአርባ ዓመት በላይ የቆየ ላስቲክ ሜዳ መሀል ላይ ሊበታተን ይችላል። ካላገኛችሁ ጌጥ የሌለው፣ አፍንጫው ክብ የሆነ ጥቁር አጭር የሥራ ቦት ይበቃል፤ ፑቲው ግማሹን ይሸፍንላችኋል።

አሁን ፑቲው። ጨርቁን አስቀድማችሁ እንደ ፋሻ ጠቅልሉት፤ ክሩ ያለበት ጫፍ ከውስጥ ይሁን። ካልሲውን ወደ ላይ ሳቡ፣ ጫማውን እሰሩ። የጨርቁን ጫፍ የጫማው አፍ ላይ አስቀምጡና ግማሹ ቆዳውን፣ ግማሹ ካልሲውን እንዲሸፍን አድርጋችሁ ዙሩ። እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን ይደራረብ። አጥብቃችሁ ያዙ፤ ግን ደም እስኪቆም አይደለም። ጫፉ በውጭ በኩል፣ ቁርጭምጭሚቱ አጠገብ ማለቅ አለበት። ፊት ላይ ካለቀ ፍቱና መነሻውን ትንሽ አዙራችሁ እንደገና ጀምሩ። ክሩን አዙራችሁ ካሰራችሁ በኋላ ጫፎቹን ወደ ውስጥ ወትፉ። የተንጠለጠለ ክር እሾህ ይይዘዋል። ከዚያ የሱሪውን እግር በላስቲክ ይዛችሁ የፑቲው አናት ላይ ጣሉት። መጀመሪያ ላይ ያበሳጫል፤ ከለመደ በኋላ ያለ መስታወት ይሠራል።

አራተኛ፦ ሱሪ፣ ሸሚዝ፣ ሹራብ

እዚህ ብዙ አልቆይም። ሱሪው ወይ ዥንጉርጉሩ ነው፣ ወይ ላይትዌት የሚሉት ስስ አረንጓዴ ሱሪ። አረንጓዴውን ውሰዱ። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ከዥንጉርጉር ጃኬት ጋር ሲለበስ የዘመኑን መልክ በትክክል ይሰጣል። ሸሚዙ ኬኤፍ የሚባለው የሱፍ ቅልቅል ያለበት ካኪ ነው። ይበላል፤ በጣም ይበላል። ከውስጥ ቲሸርት ልበሱ። ሹራቡ ትከሻና ክርኑ ላይ ጨርቅ የተለጠፈበት ወፍራም አረንጓዴ ሱፍ ነው። በየሰልባጅ ሱቁ ሞልቷል።

አምስተኛ፦ ዥንጉርጉሩ ጃኬት

ስሞክ ይሉታል። የምትፈልጉት የ1968 ፓተርን (ንድፍ) የሚባለውን ነው። ጥቁር፣ ቡናማ፣ አረንጓዴና የአሸዋ ቀለም ያለው ዲፒኤም የተባለ ዥንጉርጉር ነው። ችግሩ እንግሊዝ ይህን ዥንጉርጉር ለአሥርተ ዓመታት መጠቀሟ ነው። ሻጩ "የእንግሊዝ ጦር፣ ኦሪጅናል" ቢላችሁ አልዋሸም፤ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ግን አልነገራችሁም። የሚከተለውን ተመልከቱ።

ደረቱ መሀል ላይ የማዕረግ መስቀያ ትንሽ ጨርቅ ካለ የዘጠናዎቹ ነው፤ አይሆንም። ከሌለ ወደ ውስጥ ግቡና የተሰፋውን መለያ ጨርቅ አንብቡ። በ1968 የወጣው ላይ ዓመቱ ራሱ ተጽፎ ታገኛላችሁ። የ1985 የሚለው ለእኛ ሰውዬ አምስት ዓመት ዘግይቷል። ከዚያ ረጅሙን ቁጥር ፈልጉ። 13 አሃዝ ያለው የኔቶ የዕቃ ቁጥር ነው። ከመጀመሪያዎቹ አራት አሃዞች ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ አገሩን ይናገራሉ። 99 ከሆነ የእንግሊዝ ነው። 17 ከሆነ የሆላንድ ነው። የሆላንድ ጦር በኋላ ተመሳሳይ ዥንጉርጉር ስለለበሰ፣ የእሱ ሰልባጅ በርካሽ እየገባ "እንግሊዝ" ተብሎ ይሸጣል። መለያው ደብዝዞ ካልተነበበ ሻጩን በብርሃን ፎቶ አንስቶ እንዲልክ ጠይቁት። እምቢ ካለ እለፉት።

ሰፋ ያለውን ምረጡ። ከሥሩ ሹራብ ይገባል፤ የዘመኑ ፎቶግራፎች ላይም ወታደሮቹ ልብሱ ሰፍቷቸው ነው የሚታዩት። ከገላ ጋር የተጣበቀ ስሞክ የዛሬ ሰው ነው።

ስድስተኛ፦ የብረት ቆቡና ጆንያው

ቆቡ የኤሊ ጀርባ ይመስላል፤ ፈረንጆቹም የኤሊ ቆብ ይሉታል። ቅርጹ ከ1944 ጀምሮ የመጣ ነው፤ የእኛ ሰውዬ የሚያደርገው ከዚያ በኋላ የመጣውን ማርክ 4ን ወይም ተከታዩን ነው። በሰማንያዎቹ አጋማሽ የናይለኑ ማርክ 6 ተካው። አየር ወለዶች የራሳቸው ቀላል ቆብ ነበራቸው፤ ዋጋው ስለማይቀመስ ለጊዜው እርሱት።

ባዶ ቆብ ድስት ነው። ነፍስ የሚዘራበት መረቡና በመረቡ ላይ የሚታሰረው የጆንያ ቁራጭ ነው። እንዲህ ሥሩት። እውነተኛ የቃጫ ጆንያ ግዙ፤ የፕላስቲኩን አይደለም። ሦስት ጣት ስፋት፣ አንድ ስንዝር ከግማሽ ርዝመት ባላቸው ቁራጮች ቁረጡት። ከፊሉን በአረንጓዴ፣ ከፊሉን በጥቁር ቡናማ የጨርቅ ቀለም ንከሩ፤ ጥቂቱን እንዳለ ተዉት። ሲደርቅ የየቁራጩን ዳር ክር በጣት እየመዘዛችሁ አብትኑት። ከዚያ እያንዳንዱን መሀሉ ላይ አጥፋችሁ በመረቡ ቀዳዳ አስገቡና ሁለቱን ጫፍ በራሱ ቀለበት ውስጥ አሳልፋችሁ ሳቡ። ዳር ዳሩን አብዙት፤ የቆቡን ክብ መስመር የሚሰብረው እሱ ነው። አናቱ ላይ አሳሱ። ሲያልቅ ለሁለት ቀን ዝናብ ላይ አውጡት። አዲስ ጆንያ በጣም ያብለጨልጫል።

የዓይን መከላከያ እዚሁ ላንሳ። በዚያ ዘመን የነበረ የዓይን መነጽር ለኤርሶፍት አይሆንም። የዛሬውን፣ ጥይት እንዲችል የተፈተነውንና ዓይንን ዙሪያውን የሚዘጋውን አድርጉ። ከፊት የሚንጠለጠለው ጆንያ ግማሹን ስለሚደብቀው መልኩን አይገድልም። ቢገድለውም ግድ የለም። ዓይን ላይ ድርድር የለም።

ሰባተኛ፦ ዝናሩ

ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ። 58 ፓተርን ዌቢንግ ይባላል፤ በ1958 የጸደቀ፣ የናይለኑ አዲሱ ዝናር እስኪመጣ ድረስ እስከ ሰማንያዎቹ መጨረሻ ያገለገለ የጥጥ ዝናርና ማንገቻ ነው። ቁራጭ በቁራጭ ከመግዛት ሙሉውን አንድ ላይ መግዛት ይረክሳል። ሊኖራችሁ የሚገባው፦ ቀበቶ፣ የትከሻ ማንገቻ፣ ሁለት የካዝና ኪስ፣ ጀርባ ላይ የሚሆኑ ጥንድ ትልልቅ ኪሶች፣ የኮዳ ኪስ ከነኮዳውና ከነኩባያው፣ እና ከኋላ የሚንጠለጠል የዝናብ ልብስ መያዣ ነው።

ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፤ ውስጡ ወደ ላይ ይሁን። መጀመሪያ ቀበቶውን ብቻውን ለኩ፣ ሹራብና ስሞክ ለብሳችሁ። በቲሸርት የተለካ ቀበቶ ሜዳ ላይ አይዘጋም። ከዚያ የካዝና ኪሶቹን ከቀበቶው መዝጊያ ግራና ቀኝ አያይዙ። ከጀርባቸው ያለው ጥምዝ ብረት ቀበቶው ውስጥ ያለው ኪስ ውስጥ ይሰካል። በሁለቱ ኪሶች መሀል መዳፍ የሚያህል ክፍተት ተዉ፤ አለዚያ በሆድ ስትተኙ ይወጉአችኋል። የግራው ኪስ ጎኑ ላይ የሳንጃ ማስገቢያ ስላለው ግራና ቀኙን አታምታቱ።

ኮዳው በቀኝ፣ ከካዝና ኪሱ ቀጥሎ ይመጣል። ጥንዶቹ ትልልቅ ኪሶች ጀርባ ላይ፣ ሳይራራቁ ይቀመጣሉ። የዝናብ ልብስ መያዣው ከነሱ ሥር ይታሰራል። በመጨረሻ ማንገቻው። የፊቱ ማሰሪያዎች የካዝና ኪሶቹ አናት ላይ ያሉት ዘለበቶች ውስጥ ይገባሉ፤ የኋላዎቹ ወደ ጀርባ ኪሶች ይወርዳሉ። ለብሳችሁ ሌላ ሰው ከኋላ እንዲያስተካክልላችሁ አድርጉ። ብቻውን ያስተካከለ ሰው አንዱ ትከሻው ሁልጊዜ ይወርዳል።

አሁን ዝለሉ። እውነቴን ነው፣ ቤት ውስጥ ዝለሉ። የሚንኳኳ፣ የሚገላበጥ፣ ጎን የሚመታ ነገር ካለ አሁን ይታወቃል። የዘመኑ ወታደሮችም ያደረጉትን አድርጉ፦ የሚላቀቀውን በአረንጓዴ ገመድ ወይም በጥቁር የጨርቅ ፕላስተር እሰሩ። የተንጠለጠለውን ትርፍ ማሰሪያ ጠቅልላችሁ ለጥፉ። የምግብ ቆርቆሮዎቹን መሀል በፎጣ ወትፉ።

ባዶ ኪስ ተጨማድዶ ያስታውቃል። የጀርባ ኪሶቹ ውስጥ ሹራብ፣ ደረቅ ካልሲ፣ ምሳና የሻይ ዕቃ ክተቱ። የእንግሊዝ ወታደር ያለ ሻይ አይንቀሳቀስም። እናንተ በኮዳ ኩባያው ቡና ብታፈሉበት የሚከለክል የለም፤ ሽታው ራሱ የጠላትን ቡድን ይጠራላችኋል።

በግራ በኩል የሚንጠለጠለውን የጋዝ ጭምብል ቦርሳ መጨመር ትችላላችሁ። የራይን ሠራዊት የኬሚካል ጥቃት ይጠብቅ ስለነበር መልኩን ይሞላል። ቦርሳውን ብቻ ግዙ። አሮጌ ማጣሪያዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል ጭምብል አግኝታችሁ እንኳን በማጣሪያው አትተንፍሱ።

ስምንተኛ፦ ጠመንጃው

እንኳን ደረሳችሁ። የእኛ ሰውዬ የሚይዘው ኤል1ኤ1 ነው፤ ወታደሩ ኤስኤልአር ይለዋል። መሠረቱ የቤልጅጉ ኤፍኤን ፋል ነው። 7.62 ሚሊ ሜትር ጥይት፣ 20 የሚይዝ ካዝና፣ ከአንድ ሜትር ከአሥር በላይ ርዝመት፣ ባዶውን ከአራት ኪሎ በላይ ክብደት። ከ1985 ጀምሮ ኤስኤ80 እስኪተካው ድረስ የእንግሊዝ እግረኛ መለያ ነበር። ዋናው ነገር ይኸ ነው፦ የእንግሊዙ ነጠላ ብቻ ነው የሚተኩሰው። ፎክላንድ ላይ የአርጀንቲናዎቹ ፋል ግን በተከታታይም ይተኩስ ነበር። ሁለቱ ጦር በአንድ ቤተሰብ ጠመንጃ ተታኮሱ ማለት ነው።

ለኤርሶፍት የእንግሊዙን ሞዴል በባትሪ የሚሠራ አድርጎ የሚያመርተው አሬስ የተባለው ፋብሪካ ነው። ዋጋው አዲሱ ከ300 ፓውንድ በላይ ስለሚሄድ ያገለገለ ፈልጉ። የሌሎች ፋብሪካዎች ተራ ፋል ይረክሳል፤ የእጅ መያዣው፣ ሰደፉና የአፈሙዙ ጫፍ ግን ይለያል። ከሩቅ ያልፋል፣ ከቅርብ አያልፍም። ባትሪው የት እንደሚገባና ትርፍ ካዝና እንደሚገኝ ሳትጠይቁ አትክፈሉ። ካዝናው ከገበያ የጠፋ ጠመንጃ ዱላ ነው።

አምሳያው በተከታታይ የሚተኩስ ቢሆንም እናንተ ነጠላ ላይ ተዉት። 1980ን የሚያመጣው ትልቁ ነገር ይኸ ነው። ካዝናው ስንት መቶ ቢይዝም ጥቂት ብቻ ሙሉ። ያን ጊዜ መቁጠር፣ መደበቅ፣ ተራ ጠብቆ መሮጥ ትጀምራላችሁ። ቃታ ላይ ተጋድሞ የሚያርከፈክፍ ሰው ልብሱ ምንም ቢያምር ወታደሩን አልሆነም። ልብ በሉ፣ የአተኳኮስ መምረጫውን ነጠላ ላይ ማድረግ ብቻውን ወደ 2.5 ጁሉ ወሰን አያሻግራችሁም። በተከታታይ መተኮስ እስከቻለ ድረስ ሕጉ የሚያየው በ1.3 ነው።

መልኩ ላይ ትንሽ ሥራ አለ። በ1980 ሰደፉ የእንጨትም የጥቁር ፕላስቲክም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ትክክል ነው። የእውነት እንጨት ካላችሁ ፋብሪካው የቀባውን የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ በስስ ብርጭቆ ወረቀት አንሱትና የተልባ ዘይት በጨርቅ ቀቡት። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ አንድ ቀን ጠብቁ፣ ድገሙ። የቀባችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉ፤ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ራሱን በራሱ አቀጣጥሎ ቤት ያቃጥላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት። ብረቱን በተመለከተ፣ የካዝናውን ጠርዝ፣ የመሸከሚያ እጀታውንና የማቀባበያውን ጫፍ ብቻ በስሱ ፈግፍጉ። እጅ በየቀኑ የሚነካው ቦታ ነው የሚላጠው። ሁሉንም ቦታ መፋቅ የቲያትር ዕቃ ያስመስላል።

ኤስኤልአር ካልተገኘ ስተርሊንጉ አለ። ካዝናው በግራ ጎን የሚሰካ 9 ሚሊ ሜትር አጭር መሣሪያ ሲሆን ሬዲዮ ተሸካሚዎችና የተሽከርካሪ ሠራተኞች ይይዙት ነበር። ኤስ ኤንድ ቲ የተባለው ፋብሪካ የኤርሶፍቱን ይሠራል፤ ቀላልና ለጫካ ምቹ ነው። ከያዛችሁት ግን ከላይ የጻፋችሁትን አንድ መስመር አስተካክሉ፤ ሰውዬው አሁን ሬዲዮ ተሸካሚ ሆኗል። መትረየሱን ለሀብታም ጓደኛችሁ ተዉለት። ሳንጃ የሚባል ነገር የጎማ ካልሆነ ሜዳ አይግባ።

ዘጠነኛ፦ ትንንሾቹ

ቦኔቱን ከቆቡ ጋር ሁልጊዜ ያዙ፤ በእረፍት ሰዓት ይደረጋል። የየትኛው ክፍል ዓርማ ይለጠፍበት ለሚለው ራሳችሁን አታስጨንቁ። ቀዩን የአየር ወለድ ቦኔትና የማሪኖቹን አረንጓዴ ግን ተዉት። በላብ የሚገኙ ነገሮች ናቸው። በእንግሊዝ ኤርሶፍት ሜዳ ላይ ደግሞ እነሱን በእውነት ያገኘ ሽማግሌ አይጠፋም። ሜዳሊያም እንዲሁ። እንዲህ ያለ ሰው ካጋጠማችሁ "አባባ፣ ዝናሬን ይዩልኝ" የሚል መንፈስ ይዛችሁ ቅረቡ። የትኛው ማሰሪያ የት እንደሚታጠፍ ከማንም በተሻለ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ማውራትም ይወዳል።

የእጅ ሰዓታችሁ፣ ስልካችሁ፣ ደማቅ ጓንታችሁ ይደበቅ። ፊት ላይ የሚቀባውን አረንጓዴና ጥቁር ቀለም ለእኛ ቆዳ ማስተካከል ያስፈልጋል። ጥቁር ቆዳም በላብ ሲረጥብ ያበራል። ግንባር፣ አፍንጫና ጉንጭ ላይ ያለውን ብርሃን ለማጥፋት ብስል አረንጓዴውን አብዙ፣ ጥቁሩን ቀንሱ።

አሥረኛ፦ የጨዋታው ቀንና ማግስቱ

ጠዋት ቀድማችሁ ድረሱ፤ ፑቲ ማሰር ጊዜ ይወስዳል። ጠመንጃው ፍጥነቱ በመለኪያ ይታያል። ካዝና ሳታስገቡ፣ መጠበቂያውን ዘግታችሁ ውሰዱት። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ዝናሩን እንደገና አጥብቁ፤ ጥጥ ሲረጥብ ባህርይው ይቀየራል።

ቤት ስትገቡ ባትሪውን ከጠመንጃው አውጡና ለብቻው አስቀምጡ። ሊፖ የሚባለው የሊቲየም ባትሪ ከሆነ እያያችሁት ካልሆነ አትሙሉት። ዝናሩን ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አትክተቱ፤ ጥጡ ይሸበሸባል፣ ብረቱ ይዝጋል። ጭቃው ሲደርቅ በብሩሽ አራግፉት፤ የቀረውን በለብ ያለ ውሃ ጥረጉት። ራዲያተር ላይ አታድርቁት፣ አየር ላይ ስቀሉት። ጫማው ውስጥ ጋዜጣ ወትፉ፣ ሲደርቅ ጥቁር ቀለም ቀቡት። ፑቲዎቹን ደግሞ ሳይደርቁ አትጠቅልሉ፤ የሻገተ ሱፍ ሽታው አይለቅም።